«አንቺ ቀላል ነሽ፣ ጣሪያው ላይ ውጪ»

በሊባኖስ ተራራማ መንደሮች የድሮ ቤቶች ጣሪያ ቀርሚድ ነው፤ ቀይ የሸክላ ክዳን። የምሠራበት ቤትም እንደዚያው ነበር። ኅዳር ላይ የመጀመሪያው ዝናብ ከነፋስ ጋር መጣና የልጆቹ መኝታ ቤት ያፈስ ጀመር። ማዳም መሰላሉን ግድግዳው ላይ አስደግፋ «አንቺ ቀላል ነሽ፣ ውጪና የተንሸራተተውን በእጅሽ ግፊው» አለችኝ። ባለሙያ ብትጠራ በዶላር ነዋ የሚያስከፍላት።

እምቢ ማለት እንደሚቻል አላወቅኩም፤ ወጣሁ። አንድ እግሬን ሳሳርፍ ሸክላው ቀጭ አለ፣ ተንሸራቶ ግቢው ውስጥ ተፈረካከሰ። መሰላሉን አንቄ ባልይዝ፣ እህቶቼ፣ እኔም ተከትዬው ነበር። ማዳም ከታች ሆና መጀመሪያ የተናገረችው ስለ ሸክላው ዋጋ ነው። ከደሞዜም ቆረጠችው።

በሦስተኛው ቀን ባለሙያ መጣ። እኔ ከታች እያየሁት ነበር። ሸክላው ከጀርባው ባለች ትንሽ ጥርስ አግዳሚ እንጨት ላይ ተንጠልጥሎ ነው የሚቀመጠው። ጥርሷ ከተሰበረች ወይም እንጨቱ ከበሰበሰ፣ በእጅ ቢገፉት ተመልሶ ይንሸራተታል። እኔ የታዘዝኩት ሥራ እኮ ለምንም አይጠቅምም ነበር! ሰውዬው ራሱ ሸክላውን አልረገጠም፤ የጣሪያውን አናት የሚይዝ መሰላል አንጥፎ፣ ገመድ ታጥቆ ነው የሠራው። ሦስት ሸክላና አንድ እንጨት ቀይሮ ወረደ።

ዛሬ ቢሆን ባልዲ አስቀምጬ፣ የሚያፈሰውን ቦታ ከውስጥ ፎቶ አንስቼ አሳያት ነበር። ውሃው ወደ አምፖሉ ከቀረበ ደግሞ መብራቱ ከዋናው እንዲጠፋ እነግራታለሁ። ውጪ ካለችኝ «ማ ፊዪ፣ ኸጠር»፣ ማለትም አልችልም፣ አደጋ ነው እላለሁ። መጮህ አያስፈልግም፣ ረጋ ብሎ መደጋገም ነው።

እ.ኤ.አ. የ1946ቱ የሊባኖስ የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኛን እንደማይሸፍን አውቃለሁ። ቢሆንም የፈረምነው ለቤት ውስጥ ሥራ ነው፤ አሠሪም ኢንሹራንስ ልትገባልን ግዴታ አለባት። የኢንሹራንስ ወረቀትሽን ፎቶ አንሺና ስልክሽ ላይ ያዢው፤ ለምታምኛት ጓደኛሽም ላኪላት።

የወደቀች እህት ካየሽ ደግሞ ጎትተሽ አታንሺያት፣ ውሃም አታጠጫት። አንገቷና ወገቧ ሳይንቀሳቀስ እንዳለች ትቆይ፤ ልብስ ደርቢላት። ወዲያው 140 ደውዪ፣ የሊባኖስ ቀይ መስቀል አምቡላንስ ነው፤ ገንዘብ አይጠይቁም።