ተረትና እውነታ፦ ለልጅ ትምህርት ሲባል የሚቀየር ከተማ

በምሥራቅ ጎጃም ከቢቸና እስከ ሞጣ ባለው መንገድ ላይ ልጅ ያላቸው ቤተሰቦች የሚቀባበሉት አንድ ምክር አለ፦ ልጆችህን በደንብ ማስተማር ከፈለግህ ያለህን ሽጠህ ባሕር ዳር ግባ፤ ከቻልህ ደግሞ አዲስ አበባ። የመንግሥት ሠራተኛው ዝውውር ይጠይቃል፤ ነጋዴው ሱቁን ለዘመድ ትቶ ይሄዳል፤ በዙሪያው ያለው አርሶ አደር በበኩሉ ልጁን ወደ ቢቸና ወይም ወደ ሞጣ ይልካል። ሁሉም ከእሱ ከፍ ያለው ከተማ የተሻለ ትምህርት አለው ብሎ ያምናል። እምነቱ ከባዶ የመጣ አይደለም፤ ነገር ግን የከተማን ትልቅነትና የትምህርት ቤትን ጥራት እንደ አንድ ይቆጥራል፤ የቤቱንም ወጪ ከትምህርቱ ነጥሎ ያያል። እኔ የምከራከረው መመረጥ ያለበት ትምህርት ቤቱ ነው፣ ቤቱም ልጁን እዚያው ትምህርት ቤት ለዓመታት የሚያቆይ መሆን አለበት ብዬ ነው። ይህ ስሌት ብዙ ጊዜ ቢቸና ወይም ሞጣ መቅረትን ያስመርጣል።

መጀመሪያ የፈተናውን ውጤት እንይ። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ሲጀምርና የኩረጃው በር ሲጠብ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ሆኑ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ነበሩ። በመጀመሪያው ዓመት ከ1,100 በላይ፣ በሁለተኛው ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ከዚያ በፊት የነበረ የትምህርት ቤት ዝና ስንቱ በዕውቀት፣ ስንቱ በኩረጃ እንደቆመ አሁን መለየት ያስቸግራል፤ ስለዚህ ወላጅ አሮጌ ዝና ተከትሎ ቤት ባይቀይር ይሻላል። «አዲስ አበባ ግን ከብዙ ክልሎች የተሻለ ውጤት አላት» የሚል መልስ ይመጣል። እውነት ነው። ሆኖም ከሞጣ የሚሄድ ቤተሰብ የሚገባው የከተማዋ አማካይ ውስጥ አይደለም። አማካዩን ከፍ የሚያደርጉት የተማሩና ገቢ ያላቸው ወላጆች ልጆች እና ከፍተኛ ክፍያ የሚጠይቁ የግል ትምህርት ቤቶች ናቸው። አዲስ መጪው ኪራይ የሚችለው ዳር ላይ ነው፤ ልጁም የሚመዘገበው በዚያው ዳር ባለው ትምህርት ቤት ነው። ያንን ትምህርት ቤት ከሞጣው ጋር አነጻጽሮ የሚሄድ ወላጅ ጥቂት ነው።

«ተፈታኞቹን በሙሉ አሳለፈ» የሚለው ማስታወቂያም እንደዚሁ ያሳስታል። ተማሪዎቹን በመግቢያ ፈተና አጣርቶ የሚቀበል ትምህርት ቤት፣ ለምሳሌ ደብረ ብርሃን የሚገኘው ኃይሌ ማናስ አካዳሚ፣ ጎበዞችን ከየቦታው ይሰበስባል። የማስተማሩን ድርሻ መካድ አይገባም፤ ግን ውጤቱ የምልመላውም ነው። ደግሞም እንዲህ ያለው አዳሪ ትምህርት ቤት ቤተሰቡን ቦታ ቀይር አይለውም፤ ልጁ ካለፈ ከቢቸናም ይገባል።

ታዲያ ትምህርት ቤትን ትምህርት ቤት የሚያደርገው ምንድን ነው? በአሜሪካ ጄምስ ኮልማን እ.ኤ.አ. በ1966 ያወጣው ትልቅ ጥናት ከትምህርት ቤቱ ሀብት ይልቅ የቤተሰቡ ሁኔታ ውጤትን ይወስናል የሚል ድምዳሜ ላይ ደርሶ ነበር። ስቲቨን ሄይነማንና ዊልያም ሎክስሊ እ.ኤ.አ. በ1983 ብዙ አገሮችን ሲያነጻጽሩ ግን በድሃ አገሮች የትምህርት ቤቱና የመምህሩ ጥራት የበለጠ ክብደት እንዳለው አገኙ። ለእኛ የሚቀርበው ሁለተኛው ነው፤ መጽሐፍ ሲጎድልና መምህር ሲቀር ቤት ውስጥ የሚተካው ወላጅ ብዙ አይደለምና። የምሥራቅ ጎጃም የቤተ ክህነት ትምህርት ይህን ጥንትም ያውቀው ነበር። የቆሎ ተማሪ ዲማ ጊዮርጊስና ደብረ ወርቅ ድረስ የሚጓዘው መምህሩን ብሎ ነው፤ የከተማ ስፋት ጉዳዩ አልነበረም። የዛሬ ወላጅም የሚጠይቀው ቀላል ነው፦ ሒሳብና እንግሊዝኛ የሚያስተምረው ማን ነው? ዘንድሮ ስንት ጊዜ ቀረ? መጽሐፉ ለአንድ ልጅ አንድ ነው ወይስ ለሦስት? ትምህርቱ ሙሉ ቀን ነው ወይስ በፈረቃ? አንድ ክፍል ውስጥ ስንት ተማሪ አለ? የትምህርት ሚኒስቴር መለኪያ በአንደኛ ደረጃ 50፣ በሁለተኛ ደረጃ 40 ነው። በየትኛውም ትልቅ ከተማ ከዚህ እጥፍ የሚጠጋ ክፍል ሊያጋጥም ይችላል። በአዘቦት ቀን ጠዋት ግቢው ድረስ ሄዶ መጠየቅ ከአንድ ዓመት ወሬ ይበልጣል።

ቤቱ ላይ ስንመጣ ተረቱ ይበዛል። አንደኛው፣ ወጪው ኪራይ ብቻ ነው የሚለው ስሌት ነው። ቢቸና የጤፍ አገር ናት፤ እህል ከአምራቹ እጅ ይገዛል፣ ከዘመድም ይመጣል። ትልቁ ከተማ የገባ ቤተሰብ ኪራዩን፣ የእህሉን ዋጋ፣ ትራንስፖርቱን፣ ልጁን የሚጠብቅለትን አያት ማጣቱን ሁሉ ይከፍላል። አከራይ ዋጋ ሲጨምር ደግሞ ቤተሰቡ ይለቃል፤ ልጁም በዓመቱ መካከል መሸኛ ይዞ ሌላ ትምህርት ቤት ይገባል። እንግዲህ ለትምህርቱ የተደረገው ስደት ትምህርቱን የሚቆራርጠው እዚህ ላይ ነው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይላል፤ በክልሎች ግን የሚሠራው ተለይተው በተወሰኑ ከተሞች ስለሆነ፣ ከመሄድ በፊት የሚሄዱበት ከተማ ከተለዩት አንዱ መሆኑን መጠየቅ ይበጃል።

ሁለተኛው ተረት ከከተማ ዳር ርካሽ ቦታ ገዝቶ ቤት መሥራት ነው። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሸጥ መለወጡን ይከለክላል። በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት ለመኖሪያ የሚሰጠው የሊዝ ዘመን እስከ 99 ዓመት ነው፤ ዜጋው የራሱ የሚያደርገው ቤቱንና በቦታው የመጠቀም መብቱን ነው። ከአርሶ አደር በጓሮ ስምምነት የተገዛ መሬት ላይ የቆመ የጨረቃ ቤት በርካሽ የተገኘው ሰነድ ስለሌለው ነው። ሲፈርስ ካሳ ጠይቆ ማግኘት ከባድ ነው፤ ልጁ የለመደውም ትምህርት ቤት አብሮ ይቀራል። በሞጣ ካርታ ያለው ሁለት ክፍል ቤት ከዚህ ይሻላል ብል ስሜት አይደለም።

ልጁን ብቻውን ቤት ተከራይቶ ማስቀመጥስ? ከገጠር ቀበሌዎች ወደ ቢቸናና ሞጣ የሚመጡ የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች ብዙዎቹ የሚኖሩት እንዲህ ነው፤ ስንቅ ከቤት ይላካል፣ ሁለት ሦስት ሆነው አንድ ክፍል ይከራያሉ። ርካሽ ነው፤ ግን የ15 ዓመት ልጅ ምግቡን ራሱ አብስሎ፣ ውኃውን ቀድቶ፣ ማታ ያለ ተቆጣጣሪ እንዲያጠና ይጠበቃል፤ ለሴት ልጅ ደግሞ የደህንነቱ ሥጋት አለ። እዚህ ላይ የምመክረው የዘመድ ቤት ነው፤ ከሌለ ወላጆች ተባብረው አንዲት እናት በየተራ አብራቸው የምትቆይበት ክፍል መከራየት ይችላሉ። ታናናሾቹ ግን እስከ 8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ድረስ ከወላጅ ቤት ባይነጠሉ ይመረጣል።

የቀረው ተቃውሞ ከሁሉ ይከብዳል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል ባለው ግጭት በሺዎች የሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ምሥራቅ ጎጃምም ክፉኛ ከተጎዱት አንዱ ነው። የተዘጋ ትምህርት ቤት የመምህሩ ጥራት አይመዘንም፤ ልጁ ሁለት ሦስት ዓመት ቤት ከሚውል ክፍት ወዳለበት መውሰድ ትክክል ነው፣ ከተማው ቢወደድም። ብቻ ይህ ለጊዜው የሚደረግ መሸሻ መሆኑ አይረሳ። ወላጅ የልጁን መሸኛና የውጤት ማስረጃ በጊዜ ማውጣት፣ በተቻለ መጠን ከዘመድ ጋር ማስጠጋት፣ ኪራይ ሲይዝም ውሉን በጽሑፍ ማድረግ አለበት። የቢቸናውን ቤት ሸጦ መሄድ ግን የተለየ ውሳኔ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ሲከፈት በዚያው ዋጋ መልሶ ማግኘት አይቻልምና።