ሽቦ አልባ ጠቋሚ መሣሪያዎች በድርቅ ክትትል፤ በተከላ ጊዜ የሚያጋጥሙ ችግሮች

ድርቅ በድንገት የሚደርስ አደጋ አይደለም። ዝናብ ሲዘገይ፣ የኩሬና የጉድጓድ ውሃ ሲቀንስ፣ የግጦሽ ሣር ሲጠፋ፣ የከብት ዋጋ ወርዶ የእህል ዋጋ ሲንር ምልክቶቹ አስቀድመው ይታያሉ። በኢትዮጵያ እነዚህን ምልክቶች በየጊዜው የሚከታተል የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1976 ነበር። መረጃው ለብዙ ዓመታት የተሰበሰበው በሰው ዓይንና እጅ ነው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን የዝናብን መጠን፣ የአፈርን እርጥበትና የውሃ ፓምፖችን አገልግሎት ሴንሰር በሚባሉ ሽቦ አልባ ጠቋሚ መሣሪያዎች መከታተል በልዩ ልዩ አገሮች እየተስፋፋ መጥቷል። የመሣሪያዎቹ ጠቀሜታ የማይካድ ሲሆን በመስክ ላይ የሚያጋጥማቸው ችግር ግን በቤተ ሙከራ ከሚታየው እጅግ የሰፋ ነው።

የአሠራሩ ምንነት

እያንዳንዱ መሣሪያ የሚለካ አካል፣ አነስተኛ የሒሳብ ማስሊያ፣ ሬዲዮና የኃይል ምንጭ አለው። የሬዲዮው ጉልበት አነስተኛ ስለሆነ መልእክቱ ከአንዱ መሣሪያ ወደ ሌላው በቅብብሎሽ እያለፈ ወደ አንድ ሰብሳቢ ጣቢያ ይደርሳል። ከዚያም በስልክ መሥመር ወይም በሳተላይት ወደ ማዕከል ይተላለፋል። ከሩቅ በመሣሪያ የመከታተል አሠራር ቀደም ብሎ በሰፊው የተሞከረው በጦርነት ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1968 እስከ 1973 የአሜሪካ ጦር በላኦስ በሚያልፈው የሆ ቺ ሚን መንገድ ላይ ድምፅና የመሬት ንዝረት የሚለዩ መሣሪያዎችን ከአውሮፕላን ይጥል ነበር። የጭነት መኪናን ንዝረት ከሌላው ድምፅ መለየት ያን ጊዜም አስቸጋሪ ነበር።

የኃይል ችግር

የመጀመሪያው እንቅፋት ኃይል ነው። ባትሪ ድንጋይን ይበልጥ የሚጨርሰው ብዙውን ጊዜ ልኬቱ ሳይሆን የሬዲዮው ሥራ ነው። ስለሆነም መሣሪያዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ተኝተው ለአጭር ጊዜ ብቻ እንዲነቁ ይደረጋል። ይህም ሆኖ ለሰብሳቢው ጣቢያ ቅርብ የሆኑት የሌሎቹን መልእክት ጭምር ስለሚያስተላልፉ ኃይላቸው ቀድሞ ያልቃል። እነርሱ ሲቆሙ ከበስተኋላ ያሉት ጤነኛ ቢሆኑም ግንኙነታቸው ይቋረጣል። የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ ችግሩን ያቃልላል፤ ነገር ግን አቧራ ሲለብስ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ከብት ይታከከዋል፣ ለስርቆትም የተጋለጠ ነው።

የአየር ጠባይና የቦታ ተፅዕኖ

እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ ሜን ግዛት በግሬት ዳክ ደሴት የባሕር ወፎችን ጎጆ ለመከታተል 32 መሣሪያዎች ተተክለው ነበር። እርጥበት የገባባቸው አንዳንዶቹ የተሳሳተ ልኬት ሰጥተዋል፤ ሥራ ያቆሙም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2005 በኔዘርላንድ በአንድ የድንች ማሳ ላይ ወደ 100 የሚጠጉ መሣሪያዎች ቢዘረጉም በመጨረሻ የተገኘው መረጃ ከሚጠበቀው 2 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር።

በዚያው ዓመት በኢኳዶር በሬቬንታዶር እሳተ ገሞራ ላይ 16 መሣሪያዎች በ3 ኪሎ ሜትር ርዝመት ተዘርግተው ለ19 ቀናት ሠርተዋል። ከታዩት ጉድለቶች ዋና ዋናዎቹ በተራራው ላይ በነበሩት መሣሪያዎች ብልሽት የደረሱ አልነበሩም። በሰብሳቢው ጣቢያ ኃይል ሲቋረጥ የሁሉም መረጃ ይቀር ነበር። አንድ የፕሮግራም ስህተትም መላውን መረብ ለ3 ቀናት አቁሞታል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት የአንዲት ማዕከላዊ ጣቢያ መቆም የብዙ መሣሪያዎችን ድካም ከንቱ ሊያደርግ እንደሚችል ነው።

ዝምታን የመተርጎም ችግር

ለዕርዳታ ሥራ ይበልጥ አሳሳቢ የሚሆነው መሣሪያው ሲቆም ሳይሆን እየሠራ መስሎ ሲሳሳት ነው። የዝናብ መለኪያ አፉ በአቧራ ወይም በቅጠል ሲደፈን ዝናብ እየዘነበ «ዜሮ» ይመዘግባል፤ በማዕከል ሆኖ ለሚያነበው ሰው የተደፈነ መለኪያና እውነተኛ ድርቅ አንድ ይመስሉታል። የውሃ ፓምፕም እንቅስቃሴ የለውም ሲባል ፓምፑ ተሰብሮ፣ ሕዝቡ የዝናብ ውሃ አግኝቶ ወይም አካባቢውን ለቆ፣ ወይም ጠቋሚው ራሱ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። እነዚህ አራት ምክንያቶች የሚጠይቁት እርምጃ እጅግ የተለያየ ነው። በመሆኑም መሣሪያው የሚለካው ነገር ባይኖርም እንኳ ደኅንነቱን በየጊዜው እንዲያስታውቅ ማድረግ፣ ልኬቱን ከሳተላይት መረጃና ከአካባቢው ሰው ቃል ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል።

ከምልክት እስከ እርምጃ

በኬንያ ኪዩሶ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ መጀመሪያ በእጅ ፓምፖች እጀታ ላይ እንቅስቃሴን የሚቆጥሩና በሞባይል ስልክ መሥመር መልእክት የሚልኩ መሣሪያዎች ተገጥመው ነበር። ቀድሞ አንድ የተበላሸ ፓምፕ እስኪጠገን በአማካይ 27 ቀናት ገደማ ይወስድ የነበረው ወደ 3 ቀናት ገደማ ወርዷል። ውጤቱ የተገኘው ግን በመሣሪያው ብቻ አይደለም፤ ምልክቱን ተቀብሎ ወደ ቦታው የሚሄድ የጥገና ቡድን ስለተመደበ ጭምር ነው።

የተቃራኒው ምሳሌ በኢትዮጵያ ታሪክ ተመዝግቧል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1984 የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን የረሃቡን ስፋት ለለጋሾች አስታውቆ 450,000 ቶን እህል ጠይቆ ነበር። ሰፊው ዕርዳታ መንቀሳቀስ የጀመረው ግን የረሃቡ ምስል በጥቅምት ወር በዓለም ቴሌቪዥን ከታየ በኋላ ነው። በእነዚያ ወራት የጎደለው ምልክት ሳይሆን ለምልክቱ የተሰጠ ፈጣን ምላሽ ነበር።

ስለዚህ መሣሪያ ከመታዘዙ በፊት ጥቂት ጥያቄዎች መልስ ማግኘት አለባቸው። ባትሪውን ማን፣ በየስንት ጊዜው፣ በየትኛው በጀት ይለውጣል? ሰብሳቢው ጣቢያ ቢቆም ምትኩ ምንድን ነው? የአካባቢው ሕዝብ መሣሪያው ለምን እንደተተከለና መረጃው ማን ዘንድ እንደሚደርስ ተረድቷል ወይ? ስለ ከብቶችና ስለ ሰዎች እንቅስቃሴ የሚናገር መሣሪያ ሕዝቡ ካልተቀበለው ዕድሜው አጭር ነው። ከሁሉ በላይ ምልክቱ በደረሰ ጊዜ መኪና፣ መለዋወጫ ወይም እህል ይዞ የመነሳት ኃላፊነት ያለበት ሠራተኛ በስም ተለይቶ መታወቅ አለበት። ይህ ኃላፊነት ባልተደለደለበት ቦታ የሚተከል መሣሪያ የሚያስገኘው ጥቅም ጉዳቱ የደረሰበትን ቀን መመዝገብ ብቻ ይሆናል።