ሐኪም ሲያጠፋ ካሳው እንዴት ይጠየቃል?

ከቀዶ ሕክምና በፊት የምትፈረመው ወረቀት የብዙ ቤተሰብ አፍ ዘግታለች። «ፈርመናል እኮ፣ ምን እንላለን?» ይባልና ነገሩ በዚያው ይቀራል። ፊርማው የሚሸፍነው ግን ሕክምናው በባሕርይው የሚያመጣውንና ለታካሚው የተነገረውን አደጋ ነው፤ ሆድ ውስጥ ተረስቶ የተሰፋ ጎዝን አይሸፍንም።

በእርግጥ በሽተኛው ስላልዳነ ብቻ ሐኪሙ አጥፍቷል ማለት አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2031 የሚጠይቀው የሙያውን ደንብ የጣሰ፣ በሳይንስ የታወቀውን ወይም በሙያው የተለመደውን አሠራር ትቶ በቸልተኝነት የሠራ ባለሙያን ነው። ካሳውን ደግሞ ከሐኪሙ ኪስ ብቻ መጠበቅ አያስፈልግም። በቁጥር 2651 መሠረት የጤና ተቋሙ የቀጠራቸው ሐኪሞችና ረዳቶቻቸው ለሚያደርሱት ጉዳት ኃላፊ ነው። አቅም ያለውም እሱ ስለሆነ ተቋሙን ሳይጨምሩ መክሰስ ብዙም አያዋጣም።

ስንት ይከፈላል? መርሁ ካሳው ከጉዳቱ ጋር እኩል ይሁን የሚል ነው። እንበልና በወር 8,000 ብር የምታገኝ እናት በቀዶ ሕክምና ወልዳ፣ ሆዷ ውስጥ በቀረ ጎዝ ምክንያት ዳግመኛ ተቀደደች፤ 7 ወር ሥራ ፈታች። የቀረባት ደሞዝ ብቻ 56,000 ብር ነው። በዚያ ላይ የሁለተኛው ቀዶ ሕክምና፣ የመድኃኒቱ፣ የትራንስፖርቱና ያስታመማት ሰው ወጪ ይታሰባል። ዘላቂ ጉዳት ከቀረባት የሐኪሞች ቦርድ የጉዳቱን መጠን በመቶኛ ይገልጻል፤ ወደፊት የምታጣው ገቢም ይሰላል። ልኩ በትክክል ካልታወቀ ዳኛው በርትዕ ይቆርጣል። ታካሚው ከሞተ ደግሞ የትዳር ጓደኛው፣ ወላጆቹና ልጆቹ በቀለብ መልክ ካሳ መጠየቅ ይችላሉ።

ሕጉ የሚያሳፍረው የሞራል ካሳው ላይ ነው። ለሥቃይና ለሐዘን የሚከፈለው ከ1,000 ብር መብለጥ እንደሌለበት ቁጥር 2116 ይደነግጋል። ያ ገንዘብ ሕጉ በወጣበት ዘመን ክብደት ነበረው፤ ዛሬ በግል ሆስፒታል አንዲት ሲቲ ስካን አያስነሳም። ገቢ የሌላቸው አረጋዊ ወይም ሕፃን ሲጎዱ ደግሞ የጠፋ ደሞዝ ብሎ የሚቆጠር ነገር አይገኝም። እኔ እንደሚታየኝ ከሁሉ የባሰው የሕጉ ጉድለት ይህ ነው።

ብዙ ጉዳይ የሚሞተው ግን በይርጋ ነው። ከውል ውጭ ኃላፊነት ላይ የሚመሠረት ክስ ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ድርጊቱ ረዘም ያለ ይርጋ ያለው ወንጀል ከሆነ ያ ረዘም ያለው ይሠራል። ከፍሎ የታከመ ሰው በሕክምና ውሉ ላይ ተመሥርቶ ከከሰሰ የውል ይርጋ 10 ዓመት ነው፤ ተከሳሹ ግን «ጉዳዩ የውል አይደለም» ብሎ መሟገቱ አይቀርም። ስለዚህ የ2 ዓመቱን ቆጥሮ መንቀሳቀስ ይሻላል።

ያ ጊዜ የሚባክነው አብዛኛውን ጊዜ መልስ በመጠበቅ ነው። ቤተሰብ ለጤና ባለሙያዎች የሥነ ምግባር ኮሚቴ አቤት ብሎ ቁጭ ይላል። ኮሚቴው ባለሙያው እንዲገሠጽ፣ እንዲታገድ ወይም ፈቃዱን እንዲነጠቅ ሊያደርግ ይችላል፤ የሙያ አስተያየቱም ለፍርድ ቤት ትልቅ ማስረጃ ነው። ካሳ ግን አይወስንም። የወንጀል ክስም ቢሆን ጥፋተኛውን ይቀጣል እንጂ ተጎጂው በዚያው መዝገብ የካሳ ጥያቄ ካላቀረበ በራሱ ገንዘብ አያመጣም። በወንጀል ነፃ መባልም የፍትሐ ብሔሩን በር አይዘጋም።

ጥፋቱንና የጉዳቱን መጠን የማስረዳት ሸክሙ የተጎጂው ነው። ካርዱ፣ የቀዶ ሕክምና ማስታወሻው፣ የላቦራቶሪ ውጤቱና የራጅ ፊልሙ ሳይዘገይ በጽሑፍ ይጠየቁ፤ ተቋሙ ከከለከለ ፍርድ ቤቱ እንዲያቀርብ ያዘዋል። ደረሰኝ የሌለው ወጪ ለማስረዳት ያስቸግራል፤ የኮንትራት ታክሲ ሒሳብ እንኳን ቢሆን ቀኑን ጠቅሶ መመዝገብ ይበጃል። የዳኝነት ክፍያው በሚጠየቀው ገንዘብ ልክ ስለሚያድግ፣ መክፈል የማይችል ሰው አቅም እንደሌለው አስረድቶ በደሃ ደንብ ክሱን ለማቅረብ እንዲፈቀድለት ፍርድ ቤቱን መጠየቅ ይችላል።