ቤት ስትመርጡ የአየሩንም ነገር ጠይቁ

ከመርከዝ ክሊታ ወጥተው በአፉላ መሀል ከተማ ቤት የሚፈልጉ ቤተሰቦች ጥያቄያቸው የታወቀ ነው። ዋጋው ስንት ነው? ማሽካንታው ይበቃል ወይ? ትምህርት ቤቱና የአውቶቡስ ጣቢያው ቅርብ ነው ወይ? ሁሉም ተገቢ ናቸው። ነገር ግን የሚረሳ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ቤቱ አየር የሚገባው ከስንት አቅጣጫ ነው የሚለው ነው።

የዚህን ጥያቄ ክብደት ኮሮና አስተምሮናል። በ2020 ከቤት አትውጡ በተባለ ጊዜ አያት፣ ወላጆችና ልጆች በአንድ ጠባብ ቤት አብረው ዋሉ፣ አብረው አደሩ። አንዱ ሲታመም ለብቻው የሚተኛበት ክፍል ያልነበረው ቤተሰብ ብዙ ነው። በቤታቸው ተለይተው መቀመጥ ለማይችሉ ሕሙማን መንግሥት ሆቴሎችን እስከ ማዘጋጀት ደርሷል። ጥበቱ የቤተሰቡ ጥፋት አልነበረም። ሆኖም ኮሮናም ሆነ ሳንባ ነቀርሳ በይበልጥ የሚተላለፈው ብዙ ሰው በተዘጋ ክፍል አንድ አየር ሲተነፍስ ነው።

የቦታ አሠራር በሽታን እንደሚያሸንፍ አፉላ ራሷ ምስክር ናት። ከተማዋ በ1925 ስትቆረቆር የይዝራኤል ሸለቆ ብዙ ቦታው ረግረግና የወባ አገር ነበር። ወባው የጠፋው በመድኃኒት ብቻ ሳይሆን፣ ረግረጉን በማድረቅና ትንኝ የሚራባበትን ውሃ በማፋሰስ ጭምር ነው። ያን ጊዜ ጠላቱ የቆመ ውሃ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ በቤታችን ውስጥ የቆመው አየር ነው።

ከሽማግሌዎቻችን የሚነሣውን ተቃውሞ እናውቀዋለን። «ነፋስ ይመታናል፣ መስኮቱን ዝጉ!» ይላሉ። በአገር ቤት ግን የጎጆው ጢስ በሣር ክዳኑ መሀል እየሾለከ ይወጣ ነበር፤ ቤቱ ሳይታወቀን ይተነፍስ ነበር ማለት ነው። የኮንክሪት ቤት ግን መስኮቱ ከተዘጋ በቃ ተዘጋ። ስለዚህ እናት አባቶቻችንን ጋቢ አልብሰን ከነፋሱ መንገድ ራቅ አድርገን እናስቀምጣቸውና መስኮቱን እንክፈት። ማዝጋንም ቢሆን አየሩን ያቀዘቅዛል ወይም ያሞቃል እንጂ፣ በየቤቱ ያለው አብዛኛው ዓይነት ከውጭ አዲስ አየር አያስገባም።

ስለ ማማድም እንናገር። ከባሕረ ሰላጤው ጦርነት በኋላ፣ ከ1992 ወዲህ፣ አዳዲስ ቤቶች ይህ የመጠለያ ክፍል እንዲኖራቸው ተደንግጓል። ብዙ ቤተሰብ ልጆችን የሚያስተኛው እዚያ ነው። ክፍሉ የተሠራው ከጦርነት ሊጠብቅ ስለሆነ፣ ሲዘጋ አየር እንደ ልብ አያሳልፍም። በመሆኑም በሰላም ቀን የብረት መስኮቱን እየከፈታችሁ አናፍሱት። የአደጋ ደወል ሲሰማ ግን የፒኩድ ሃዖሬፍ መመሪያ ይቀድማል።

እንግዲህ ቤት ልታዩ ስትሄዱ የሚከተሉትን ልብ በሉ፦

1. «ካማ ኪቩኔ አቪር?» ብላችሁ ጠይቁ። ከስንት አቅጣጫ አየር ይገባል ማለት ነው። በሁለት ተቃራኒ ጎኖች መስኮት ያለው ቤት በቶሎ ይናፈሳል።

2. መታጠቢያ ቤቱና ወጥ ቤቱ መስኮት ወይም አየር ማውጫ እንዳላቸው አረጋግጡ።

3. ሰው ቢታመም የትኛው ክፍል ሊለቀቅለት እንደሚችል አስቀድማችሁ አስቡ።

4. የደረጃው መስኮቶች የሚከፈቱ መሆናቸውን እዩ። ከገባችሁ በኋላ ተዘግተው ከቀሩ ለቫዓድ ባይት አመልክቱ።

5. ሚርፔሴቱን በዕቃ አትሙሉት። ከቤት መውጣት በተከለከለ ጊዜ ለአረጋዊና ለሕፃን ውጭው እሱ ነበር።

አሮጌው ሕንፃችሁ ፈርሶ እንደ አዲስ ሊሠራ ነው፣ ፈርሙ ስትባሉም፣ አትቸኩሉ። የአዲሱን ቤት ፕላን በምታውቁት ቋንቋ አስረዱን በሉ፤ መስኮቶቹንም ቁጠሩ። አንዴ በኮንክሪት የተዘጋ ግድግዳ በኋላ በቀላሉ አይከፈትም።

በመጨረሻም፣ ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ሳል ያለበት ሰው ቢኖር መስኮት መክፈት ብቻውን አይበቃም። ሳታፍሩ ወደ ኩፓት ሖሊም ውሰዱት። ሳንባ ነቀርሳ የሚድን በሽታ ነው፤ መድኃኒቱም በዚህ አገር ያለ ክፍያ ይሰጣል።