በሰው ገላ ውስጥ የሚኖረው ማኅበር

ሰው ራሱን ብቻውን የቆመ አንድ አካል አድርጎ ቢቆጥርም፥ ከአፉ ጀምሮ እስከ አንጀቱ መጨረሻ፥ ቆዳው እንኳ ሳይቀር፥ በዓይነ ሥጋ የማይታዩ ረቂቃን ተሕዋስያን ማኅበር ሠርተው ይኖሩበታል። ቀድሞ እነዚህ ከሰው ሕዋሳት አሥር እጅ ይበልጣሉ ይባል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ስሌት ግን ባክቴሪያዎቹ ወደ 38 ትሪሊዮን፥ የሰውየው ሕዋሳት ወደ 30 ትሪሊዮን እንደ ሆኑ፥ ባክቴሪያዎቹም ተሰብስበው ቢመዘኑ 200 ግራም ያህል ብቻ እንደሚሆኑ አመልክቶ የአሥር እጁን ወሬ ሽሮታል።

የዚህ ማኅበር ዋና ምሥረታ ሕፃኑ በተወለደ ሰዓት ይጀምራል። በእናት ወተት ውስጥ ሕፃኑ ራሱ ሊፈጨው የማይችለው የስኳር ዓይነት በብዛት መገኘቱ ሊቃውንትን ሲያስደንቅ ኖሮ፥ ኋላ ቢፊዶባክቴሪያ ለሚባሉት ተሕዋስያን የተሰናዳ ቀለብ መሆኑ ታወቀ፤ ጡት በሚጠቡ ሕፃናት አንጀት ውስጥ መጀመሪያ ያገኟቸውም በ19ኛው ምእት ዓመት መጨረሻ የፓሪሱ ሐኪም ሄንሪ ቲሲዬ ናቸው። ቢፊዶባክቴሪያዎቹ ያን ስኳር ወደ አሲድ እየለወጡ አንጀቱን ለብዙ የተቅማጥ አምጪዎች የማይመች ያደርጉታል።

ነገሩ ለራያ ቆላ የሩቅ ወሬ አይደለም። ከዞብል ተራራ በስተ ምዕራብ በተንጣለለው በአማራ ክልል በራያ ቆቦ ወረዳ ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ ያላቸው እናቶች ተጠይቀው፥ ከ100ው 39 ያህሉ ለአራስ ልጃቸው ከጡት አስቀድሞ ሌላ ነገር እንዳቀመሱ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው ጥናት ይገልጻል። አራስን ቅቤ ማላስ በብዙው የሀገራችን ክፍል የኖረ ልማድ ነው፤ አያቶችም የሚያደርጉት በፍቅር እንጂ በክፋት አይደለም። ሆኖም ቅቤው የተናጠበት ቅል፥ ያላሰው ጣት፥ ውሃው የተቀዳበት ጉድጓድ፥ ሁሉም የየራሱን ተሕዋስያን ይዞ ገና ወዳልጸናው አንጀት ይገባል፤ በሽታን የሚከላከለው ቢጫው እንገርም በዚያ መካከል ይዘገያል፥ አንዳንድ ጊዜም ታልቦ ይደፋል።

ልጁ ጡት ከተወ በኋላ ማኅበሩ የሚተዳደረው ከማዕድ በሚተርፈው ነው። የቆቦ ሜዳ የሚያበቅለው ማሽላ እንጀራ ሆኖ ሲበላ፥ ከስታርቹ ከፊሉና አሰሩ በትንሹ አንጀት ሳይፈጭ ወደ ትልቁ አንጀት ይወርዳል፤ ተሕዋስያኑም አብላልተውት ቡቲሬት የተባለ አሲድ ይሠሩለታል፥ የትልቁ አንጀት ግድግዳም ዋና ጉልበቱን የሚያገኘው ከዚሁ አሲድ ነው። በጾም ወራት የሚበዛው ሽሮም ለእነርሱ ድግስ ነው። እንጀራ ሕያው ባክቴሪያ ያስገባልናል የሚሉ ግን ተሳስተዋል፤ ሊጡን ያቦካው እርሾ ምጣድ ላይ ያልቃልና። በሕይወት የሚገባው በእርጎ ነው፤ ወተቱ ካልፈላ ደግሞ በሽታም አብሮ ሊገባ ይችላል።

መድኃኒት ይህን ማኅበር ምን ያህል እንደሚያናውጥ የታየው በዚሁ በአማራ ክልል፥ በምሥራቅ ጎጃም በጎንቻ ሲሶ እነሴ ነው። ትራኮማን ለማጥፋት አዚትሮማይሲን የተባለው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት በየሦስት ወሩ ለልጆች በታደለባቸው ቀበሌዎች፥ በአፍንጫና በጉሮሮ መካከል የሚኖረውን፥ መድኃኒቱን የለመደ ኒሞኮከስ የተባለ ባክቴሪያ የተሸከሙት ልጆች በአንድ ዓመት ውስጥ ከ100ው ከ4 ወደ 47 ያህል ደረሱ። መድኃኒቱን አልነቅፍም፤ በእነዚያው ቀበሌዎች የልጆች ሞት ቀንሷልና። የምነቅፈው ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለጉንፋንም ለተቅማጥም ካፕሱል ገዝቶ በሁለተኛው ቀን ማቆምን ነው፤ ይህ በሽታውን ሳያድን ማኅበሩን ይበትናል።

ስለዚህ በቆቦና በዙሪያዋ ያላችሁ አያቶች ሆይ፥ የልጅ ልጃችሁ በተወለደ በመጀመሪያው ሰዓት ቅቤውን ለእናቲቱ ገንፎ አቆዩትና፥ ሕፃኑን ወደ ጡቷ አስጠጉት።