ስልኩ ያው፣ መስመሩ ሌላ

ዶሃ፣ ኡም ጉዋይሊና ውስጥ አንዲት የሐበሻ ባቃላ (የሰፈር ሱቅ) አለች። ከፊት በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቆሎ፣ ጀበናና ነጠላ ይሸጣል፤ ከኋላ እንጀራ ይጋገራል። ከሂሳብ መቀበያው አጠገብ ነጭነቱ ወደ ቢጫ የዞረ ባለገመድ ስልክ ተቀምጧል። ባለቤቲቱን «ይሄ ዛሬም ይሠራል?» ብዬ ስጠይቃቸው፣ ከሚመዝኑት በርበሬ ላይ ዓይናቸውን ሳያነሱ «ሱቁን ያቆመው እሱ አይደል!» አሉኝ።

ቁጥሩ በ44 ይጀምራል። ኳታር እ.ኤ.አ. ጁላይ 28 ቀን 2010 የስልክ ቁጥሮቿን ከሰባት አኃዝ ወደ ስምንት ስታሳድግ የመጀመሪያዋን አኃዝ ደገመቻት፤ በ4 ይጀምር የነበረው መደበኛ ስልክ በ44 መጀመር ያዘ። የእሳቸው ቁጥር ከዚያም የቆየ ነው። ያኔ በታተሙት ፌስታሎች ላይ አንድ 4 በእስክሪፕቶ እየጨመሩ ለደንበኛ እንደሰጡ ዛሬም ያስታውሳሉ።

ሰፈሩን ለማያውቅ፣ ኡም ጉዋይሊና ከነጅማና ከአሮጌው ኤርፖርት ሰፈር ጋር የሚጎራበት፣ ሕንፃዎቹ የተጠጋጉበት፣ ልብስ ሰፊው፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ ሻይ ቤቱና ሞባይል ጠጋኙ ግድግዳ የሚጋሩበት የዶሃ አካል ነው። በ2019 የተከፈተው የሜትሮው ቀይ መስመር እዚህ አንድ ጣቢያ አለው። የሱቅ ኪራይ ሲወደድ ነጋዴው ከአንዱ መንገድ ወደ ሌላው ይዛወራል፤ ባቃላዋም እንዲሁ ተዛውራለች። አዲሱ ቤት ውስጥ ግን የድሮው የመዳብ የስልክ ገመድ አልነበረም። የነበረው ፋይበር ብቻ ነው። ስልኩ ከነቁጥሩ እንዲመጣ የግድ አንድ አስተርጓሚ በመካከል መግባት ነበረበት።

አስተርጓሚው የሳሙና ማስቀመጫ የምታክል ጥቁር ሳጥን ናት። ሻጮች «አዳፕተር» ይሏታል፣ ቴክኒሻኖች «ኤ.ቲ.ኤ.»። ሦስት ቀዳዳ አላት፤ አንዱ ለመብራት፣ አንዱ ከራውተር ለሚመጣው የኔትወርክ ገመድ፣ አንዱ ለስልኩ። ሥራዋ የድሮውን ስልክ ማሳመን ነው። ያ ስልክ የሚያውቀው የኤሌክትሪክ ቋንቋ ብቻ ነው፤ ገመዱ ላይ ወደ 48 ቮልት ሲያገኝ መስመር አለ ብሎ ያምናል፣ ከዚያ የበረታ ተለዋዋጭ ሞገድ ሲመጣበት ይጮኻል። ሳጥኗ ይህን ሁሉ ቁጭ ብላ ትሠራለታለች። እጀታው ሲነሳ የመስመር ድምፅ ታሰማለች፣ ጥሪ ሲመጣ ደወሉን ትደውላለች። ስልኩ አሁንም ከቴሌ ጋር የተገናኘ ይመስለዋል።

በሌላ ወገን ደግሞ ድምፁን ትቆራርጣለች። በሰከንድ 8,000 ጊዜ እየለካች ወደ ቁጥር ትለውጠዋለች፤ ቁጥሮቹንም ብዙውን ጊዜ የ20 ሚሊሰከንድ ንግግር በያዘ ጥቅል ጥቅል አድርጋ በሰከንድ 50 ጥቅል ወደ ኢንተርኔት ትልካለች። ማን ለማን እንደደወለ፣ ማን እንዳነሳና ማን እንደዘጋ የሚነጋገሩበት ደንብ ሲፕ ይባላል፤ መጀመሪያ በ1999 ወጣ፣ ዛሬ የሚሠራበት መልኩ በ2002 ተጻፈ። ይህን ዓይነት ሳጥን አላውቅም የሚል ሰው የፋይበር ሳጥኑን ገልበጥ አድርጎ ጀርባውን ይይ። ብዙዎቹ ላይ የስልክ ቀዳዳ አለ፤ እዚያ ውስጥ ያለው ይኸው አዳፕተር ነው፣ ቤት ብቻ ተጋርቶ።

ሐበሻው ከዚህ ዕቃ ጋር የተዋወቀው ከዶሃ በፊት ነው። አሜሪካ ያሉት ዘመዶቻችን በ2000ዎቹ ውስጥ ቮኔጅን፣ ከ2007 በኋላ ደግሞ ማጂክ ጃክን ገዝተው በውጭ ጥሪ ሂሳብ መጨነቅ ቀነሱ፤ ሳጥኑ በሻንጣ ተጉዞ አገር ቤት የደረሰበትም ጊዜ ነበር። አገራችን ግን በኢንተርኔት የሚሄድን ስልክ በክፉ ዓይን ስታየው ኖራለች። የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 (ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ነው) ሲወጣ ሰው ስካይፕ መክፈት ሊያሳስር ነው ብሎ ደንግጦ ነበር፤ መንግሥት ክልከላው አገልግሎቱን በሚሸጡት ላይ እንጂ በተጠቃሚው ላይ አይደለም ብሎ ማብራራት ነበረበት። ኳታርም የራሷ ጥንቃቄ አላት። በ2006 የወጣው የቴሌኮሙኒኬሽን ሕጓ፣ ቁጥር 34፣ ያለ ፈቃድ ለሕዝብ የቴሌኮም አገልግሎት መስጠትን ይከለክላል። መደበኛና ሞባይል ስልክ ለሕዝብ የሚሸጡት ኦሬዱና ቮዳፎን ናቸው። ስለዚህ ለሱቁ የኳታር ቁጥር የሚፈልግ ሰው በእነዚህ በር ማለፍ አለበት። ከሌላ አገር ድርጅት ጋር የተቆለፈ አሮጌ ሳጥን ከሁለተኛ እጅ ገበያ በርካሽ የገዛ ሰው የሚያገኘው መብራት የምታበራ ፕላስቲክ ነው፤ የድርጅቱን ቁልፍ ካልፈቱላት ሌላ መስመር አትቀበልም። ይህን ሳያውቁ ገንዘባቸውን ያፈሰሱ ሰዎች አይቻለሁና ከመግዛት በፊት ሻጩን «ክፍት ናት ወይስ የተቆለፈች?» ብሎ መጠየቅን አጥብቄ እመክራለሁ።

ታዲያ ዘመዱን በኢሞ የሚያዋራ ነጋዴ ይህን ሁሉ ለምን ይለፋል? በኳታር፣ በተለይ ከ2017 ወዲህ፣ የዋትስአፕና የስካይፕ የድምፅ ጥሪ ለረጅም ጊዜ እሺ አላለም፤ ሐበሻውም ኢሞ ላይ ሰፈረ። ለእናት ለእህት እሱ ይበቃል። ለሱቅ ግን አይበቃም። የድግስ እንጀራ የሚያዝ ድርጅት፣ ከባንክ የሚደውል ሠራተኛ፣ አማርኛ የማይናገር የሰፈር ደንበኛ የሚደውለው ፌስታሉ ላይ ወደታተመው ቁጥር ነው። ሌላም አለ። ሞባይል ከያዘው ሰው ጋር ይሄዳል። ሠራተኛዋ ኮንትራቷን ጨርሳ አገሯ ስትገባ በእሷ ሞባይል ያዝዙ የነበሩ ደንበኞች አብረው ይጠፋሉ። መደርደሪያው ላይ ያለው ስልክ ግን ማንም መጣ ማንም ሄደ የሱቁ ነው።

የባቃላዋ ችግር የጀመረው ለፋሲካ ዋዜማ ትእዛዝ በሚጎርፍበት ሳምንት ነው። ስልኩ ይጮኻል፤ ባለቤቲቱ ያነሳሉ፤ ደዋዩ በደንብ ይሰማቸዋል። የእሳቸው ድምፅ ግን ለእሱ አይሰማውም። «ሃሎ! ሃሎ!» ሲሉ ሰውዬው «ማንም የለም» ብሎ ይዘጋል። መልሰው ሲደውሉ አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም። አገልግሎቱን የሸጣቸው ድርጅት ደጋግሞ «ከእኛ በኩል ችግር የለም፣ ሳጥኗን ይቀይሩ» አላቸው። ቀየሩ። ያው ሆነ። ሦስተኛ ሊገዙ ሲሉ ነው የደሴው ልጅ የመጣው፤ ቀን የካሜራ መስመር እየዘረጋ ማታ የሐበሻን ራውተር የሚያስተካክል ወጣት።

ልጁ ሳጥኗን አልነካም። ገመዱን በእጁ እየተከተለ ከመደርደሪያው ሥር ገባ። «እትዬ፣ እነዚህ ሁለቱ ምንድን ናቸው?» አላቸው። ግድግዳው ላይ የፋይበሩ ሳጥን አለ፤ ከሥሩ ደግሞ ዋይፋዩ ጓዳ ድረስ እንዲደርስ ብለው የጨመሩት ሌላ ራውተር። አዳፕተሯ የተሰካችው ሁለተኛው ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሳጥኗ ስትደውል ወይም ስትጠራ በሲፕ መልእክቷ ውስጥ «ድምፁን በዚህ አድራሻ ላኩልኝ» ብላ ትጽፋለች። የምትጽፈው ግን የቤት ውስጥ አድራሻዋን ነው። እኛ አገር «ከእማማ ቡና ቤት ጀርባ፣ ሰማያዊው በር» እንደሚባለው ማለት ነው። ለሰፈሩ ሰው ይበቃል፤ ከሩቅ ለሚመጣ ግን አይረዳም። ራውተሩ በር ላይ ቆሞ ይህን ወደ ውጭ አድራሻ ይተረጉማል ተብሎ ይጠበቃል። ራውተሮች ሁለት ሲሆኑ ትርጉሙ ሁለት ጊዜ ይሆናል። በዚያ ላይ ብዙ ራውተሮች ልረዳ ብለው የሲፕ መልእክት ውስጥ ገብተው አድራሻ የሚቀይሩበት «ሲፕ ኤ.ኤል.ጂ.» የሚባል ነገር አላቸው፤ ሲሳሳትም ያልነበረ አድራሻ ይጽፋል። ያኔ ከሁለቱ ሰዎች የአንዱ ድምፅ መንገድ ላይ ይቀራል። ልጁ አዳፕተሯን ነቅሎ በቀጥታ የፋይበሩ ሳጥን ላይ ሰካት፣ ኤ.ኤል.ጂ.ውን አጠፋ፣ ከራሱ ሞባይል ደወለ። «ሃሎ» አሉ ባለቤቲቱ። «ሰማሁዎ እትዬ፣ ይዝጉት» አላቸው ከበሩ ላይ ሆኖ። ሁለተኛዋን ሳጥን የገዙት በከንቱ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የሌሎች ነጋዴዎችን እሮሮ ስሰማ ጆሮዬ ተቀይሯል። «አዳፕተሩ አይረባም» የሚለኝን ሰው ብልሽቱ ምን ዓይነት ድምፅ እንዳለው እጠይቀዋለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ድምፁ ራሱ ይናገራል። አንዱ ብቻ የሚሰማ ከሆነ ራውተሩ ነው። ንግግሩ እንደተቀደደ ጨርቅ ከተቆራረጠ፣ በተለይም ሱቁ ሞቅ ሲል፣ በሚላከው መስመር ላይ ግፊያ አለ። አንድ ጥሪ በጥሩ ጥራት በአንድ አቅጣጫ በሰከንድ ከ90 ኪሎቢት ያነሰ ነው የሚፈልገው፤ ስለዚህ ውድ ኢንተርኔት መግዛት ብቻውን መድኃኒት አይሆንም። የደኅንነት ካሜራው ሌት ተቀን ምስል ወደ ውጭ ሲልክ የድምፅ ጥቅሎች ከኋላው ይሰለፋሉ። ዘግይቶ የደረሰ ጥቅል ደግሞ ይጣላል፤ ንግግር እንደ ደብዳቤ ነገ ቢደርስም ግድ የለም አይባልም። ዓለም አቀፉ የቴሌኮም ኅብረት ድምፅ ከአፍ እስከ ጆሮ ከ150 ሚሊሰከንድ በላይ እንዳይዘገይ ይመክራል። መድኃኒቱ ራውተሩ ላይ ለድምፅ ቅድሚያ መስጠትና አዳፕተሯን በዋይፋይ ሳይሆን በገመድ ማገናኘት ነው። የራስን ድምፅ መልሶ መስማትም አለ፤ እሱ በአብዛኛው በሌላው ሰው በኩል ካለ አሮጌ ስልክ ወይም ገመድ ነው የሚነሳው። የባንኩ ማሽን «1ን ይጫኑ» ሲል ተጭነው የማይሰማ ከሆነ የቁልፍ ድምፁ አላላክ ተሳስቷል፤ በሁለት ደቂቃ ይስተካከላል።

ፋክስና በስልክ መስመር የሚሠራ የድሮ የካርድ ማሽን ግን ከዚህች ሳጥን ጋር አይስማሙም። የሰው ጆሮ አንዲት ጥቅል ብትጎድል አይጎዳም፣ ማሽን ግን ይደነቃቀፋል። የካርድ ማሽኑን በሲም ወይም በቀጥታ በኢንተርኔት በሚሠራው መቀየር ዕረፍት ነው።

ሙቀትም አለ። የዶሃ በጋ ከ45 ዲግሪ ያልፋል፣ የእነዚህ ሳጥኖች የሥራ ወሰን ግን ብዙውን ጊዜ 40 አካባቢ ላይ ያበቃል። አንድ ልብስ ሰፊ በየቀኑ ከቀትር ዕረፍት ሲመለስ ስልኩን ሞቶ ያገኘው ነበር። ሲወጣ ኤሲውን ያጠፋል፣ አዳፕተሯ ደግሞ ፍሪጁ ላይ ነበረች። ወደ ታችኛው መደርደሪያ ስትወርድ ተሻላት።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ የመብራቱ ነገር ነው። አዲስ አበባ ያደገ ሰው መብራት ሲጠፋ መደበኛው ስልክ ይሠራ እንደነበር ያውቃል፤ ኃይሉ ራሱ ከቴሌ በመዳቡ ገመድ ይመጣ ነበርና። አዳፕተር ይህን ፀጋ አልወረሰችም። ሶኬቷ ከተነቀለ፣ የፋይበሩ ሳጥን ከጠፋ፣ ስልኩ ጌጥ ነው። ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባትሪ) ለሁለቱም መግዛት ለሱቅ ቅንጦት አይደለም። የይለፍ ቃልም እንዲሁ፤ ሳጥኗ ከፋብሪካ የመጣችበትን ሳይቀይሩ ቢተዉ ሌሊት ሌላ ሰው በመስመሩ ወደ ውድ አገሮች ሊደውልበት ይችላል፣ ሂሳቡም ለባለሱቁ ይመጣል።

ልጁ ከመሄዱ በፊት ባለቤቲቱን አንድ የመጨረሻ ነገር ጠየቃቸው። «እትዬ፣ ድንገት እሳት ቢነሳ 999 ደውለው የት ነን ይላሉ?» ቁጥሩ ከሳጥኗ ጋር ነው የተዛወረው፤ መዝገብ ላይ ያለው አድራሻ ግን ምናልባት አሁንም የድሮው ሱቅ ነው። ባለቤቲቱ ዝም አሉ። ከዚያ ወጥተው በሩ ላይ ካለችው ሰማያዊ የአድራሻ ሰሌዳ ላይ ቁጥሮቹን ገለበጡ፤ ዞን፣ መንገድ፣ ሕንፃ። አማርኛ የማታነብ ሠራተኛም አለቻቸውና በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጽፈው ወረቀቷን በፕላስተር ከስልኩ አጠገብ ለጠፏት። የአዳፕተሯ ሶኬት ላይም ልጁ በማርከር «አይነቀልም» ብሎ ጻፈበት።

ወዲያው ስልኩ ጮኸ። ለቅዳሜ ሃምሳ እንጀራ ነበር።