ክረምቱ ሳይገባ ጎማዎን ይዩ

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ፣ ከቡሬም ወደ ገጠር ቀበሌ የሚመላለስ መኪና በአንድ ቀን አስፋልትም፣ ጠጠርም፣ ጭቃም ይረግጣል። በመኸር በቆሎና በርበሬ ይጭናል፤ በክረምት ውኃ በተኛበት መንገድ ላይ ይሮጣል። አዲስ አበባ ደርሶ የሚመለስ ከሆነ ደግሞ በደጀንና በጎሃ ጽዮን መካከል ያለውን የዓባይ በረሃ ይወርዳል፣ ይወጣል። የቤት መኪናን ብንወስድ ያን ሁሉ ክብደትና ፍጥነት ከመሬት ጋር የሚያገናኙት አራት ቦታዎች ብቻ ናቸው፤ እያንዳንዳቸውም ከሰው መዳፍ እምብዛም አይበልጡም። ፍሬኑ ቢጠብቅ፣ ሹፌሩ ቢጠነቀቅ፣ እዚያ ላይ ያለው ጎማ ካልያዘ ዋጋ የለውም።

ብዙዎቻችን ግን ጎማ የምንቀይረው ሲፈነዳ ነው። ጎማ ውድ ስለሆነ «እስኪፈነዳ ይሥራ» ማለት ቁጠባ ይመስላል። እውነቱ ግን ጎማ ከመፈንዳቱ ብዙ ቀደም ብሎ ሥራውን ማቆሙ ነው። ይህን ለማወቅ መካኒክ መሆን አያስፈልግም። ጥርሱን፣ አበላሉን፣ ጎኑንና ዕድሜውን ማየት ይበቃል።

ጥርሱ

የጎማ ጥርስ ትልቁ ሥራ ውኃ ማስወጣት ነው። በደረቅ አስፋልት ላይ ጥርሱ ያለቀ ጎማም ደህና ይይዛል፤ ሹፌሩን የሚያታልለውም ይኸው ነው። ዝናብ ሲጥል ውኃው በጥርሶቹ መካከል ባሉት ቦዮች ካልወጣ ጎማውን ከአስፋልቱ ያነሳዋል። ያን ጊዜ መሪም ፍሬንም አይታዘዝም።

የአዲስ የቤት መኪና ጎማ ጥርስ 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ጥልቀት አለው። በአውሮፓ ሕግ የመጨረሻው ዝቅተኛ ልክ 1.6 ሚሊ ሜትር ነው። ቦዮቹ ውስጥ ቢያዩ በዚሁ ልክ የተሠሩ አጫጭር የላስቲክ እርከኖች ያገኛሉ፤ ጥርሱ ከእነሱ ጋር እኩል ከሆነ ጎማው አልቋል። እንደ ጎጃም ያለ ክረምት ለሚጠብቀው ሰው ግን ጥርሱ ከ3 ሚሊ ሜትር በታች ሲወርድ መቀየሩ ይሻላል።

መለኪያ ከሌለዎት ክብሪት ይበቃል። የክብሪት እንጨት 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት አለው። እንጨቱን በሰፊው ቦይ ውስጥ አጋድመው በጣትዎ ይዳስሱ። ከጥርሱ ጋር እኩል ከሆነ ወይም ከፍ ካለ ያ ጎማ ክረምት አይሻገርም። መሃሉን ብቻ ሳይሆን የውስጡንና የውጩንም ጠርዝ ይሞክሩ።

አበላሉ

ጎማ እኩል ካልተበላ ምክንያት አለው። ሁለቱ ጠርዞች አልቀው መሃሉ ከቀረ ንፋስ ሲያንሰው ቆይቷል። መሃሉ ብቻ ካለቀ ንፋስ በዝቶበታል። አንዱ ጠርዝ ብቻ ካለቀ በመጀመሪያ አላይመንቱን ያስመርምሩ፤ እሱ ሳይስተካከል የሚገጠም አዲስ ጎማ እንደ አሮጌው ይበላል።

ከሁሉም የሚከፋው የንፋስ ማነስ ነው። ንፋስ ያነሰው ጎማ በዞረ ቁጥር ጎኑ ይተጣጠፋል፣ ይሞቃል። ጭነትና የበረሃው ሙቀት ሲጨመሩበት ውስጡ ያለው ክር ከላስቲኩ እየተላቀቀ ይሄዳል፤ ፍንዳታው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ንፋስ ጠዋት፣ መኪናው ሳይነዳ ይለካል። ትክክለኛው ልክ በብዙ መኪኖች በሹፌሩ በር ማቀፊያ ላይ ተለጥፏል፤ ጎማው ላይ የተጻፈው ሊሸከም የሚችለው ከፍተኛው ልክ ነው። በረሃው ውስጥ ጎማው ግሏል ብሎ ማስተንፈስም ስሕተት ነው፤ ደጋ ወጥቶ ሲቀዘቅዝ ንፋሱ ያንሳል።

ጎኑ

እጅዎን በጎማው ጎን ላይ ያሳልፉ። እብጠት ካገኙ ውስጡ ያለው ክር ተበጥሷል፤ ጥርሱ አዲስ ቢሆንም ዛሬውኑ ይቀየር። ክሩ እስኪታይ በድንጋይ የተቀደደም እንደዚያው ነው። በጥርሱ በኩል ሚስማር የወጋውን ጎሚስታ ይጠግነዋል፤ ጎኑ ግን አይጠገንም፤ ካላማዳሪ ጨምሮ ማስኬድም መድኃኒት አይሆነውም። አይሱዙ የሚነዳ ሰው ከኋላ ጥንዶቹ ጎማዎች የውስጠኛውን አጎንብሶ ይመልከት። እሱ ንፋስ ቢያጣም ጭነቱን ጓደኛው ብቻውን ስለሚሸከም ከውጭ አይታወቅም።

ዕድሜው

ላስቲክ ባይነዳም ያረጃል፤ ፀሐይ ያደርቀዋል፣ ይሰነጣጥቀዋል። ጎማው የተሠራበት ጊዜ በጎኑ ላይ በአራት አኃዝ ተጽፏል። 3521 ቢል በ2021 በ35ኛው ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው። ቁጥሩ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን ልብ ይበሉ፤ በእኛ ነሐሴ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ሱቅ ውስጥ «አዲስ ነው» የተባለ ጎማ ዓመታት በመደርደሪያ አሳልፎ ሊሆን ስለሚችል ከመክፈልዎ በፊት ያንብቡት። 5 ዓመት ካለፈው በየዓመቱ በባለሙያ ይታይ፤ 10 ዓመት የሞላው ግን ጥርሱ ባያልቅም ይቀየር። ስኮርታውም በዚሁ ይቆጠራል።

ሁለት ብቻ የመግዛት አቅም ካለዎት አዲሶቹን በቤት መኪና ከኋላ ይግጠሙ። የኋላው ሲንሸራተት መኪናው ይሽከረከራል፤ ያንን በመሪ መመለስ ከባድ ነው።

የቦሎ ምርመራ በዓመት አንዴ ነው፤ ጎማ ግን በየቀኑ ይበላል። በወር አንድ ጠዋት፣ በተለይም በግንቦት ዝናቡ ሳይጠነክርና በኅዳር እህል መጫን ሳይጀመር፣ እነዚህን አራት ነገሮች ይዩ። ባለንብረቱ ሌላ፣ ሹፌሩ ሌላ በሆነበት መኪና ሹፌሩ ያየውን ይናገር፤ ባለንብረቱም ይስማ። ተሳፋሪም ከመግባቱ በፊት ጎማውን ቢመለከት፣ ያለቀ ካየም ቢጠይቅ፣ ሕይወቱን የሰጠው ለዚያ ጎማ ነውና መብቱ ነው።